አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ከውሃ ወጥታ ቆማለች፤ ከየት ልጀምር?

የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራች፣ 8.5 ሜትር ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ ገዛሁ። ቀፎዋ ፋይበርግላስ ነው። አሁን ከውሃ ወጥታ መደገፊያ ላይ ቆማለች፤ ወደ ውሃ የምትመለሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ከሥሯ ብዙ ቦታ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። ላይ ደግሞ ዴኩን፣ ማለትም የላይኛውን ወለል፣ ምሰሶው አጠገብ ስረግጠው ሰመጥ ይላል። ዝናብ ሲዘንብ በመስኮቶቹ ዙሪያ ያንጠባጥባል። ቀለሟም ደብዝዟል። ገንዘቤ ውስን ነው። የሥር ቀለሙን ሙልጭ አድርጌ ፍቄ እብጠቶቹን በማከም ልጀምር አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?»

በእብጠቱ አይጀምሩ። አይክፋዎት፣ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው እዚያው ነው። እብጠት ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ያስፈራል። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ዓመት በእብጠት የሰመጠች ጀልባ አላየሁም። በአንዲት የተበላች ቫልቭ የሰመጠች አይቻለሁ።

ፋይበርግላስ ራሱ አይዝግም፣ አይነቅዝም። የሚያረጀው እሱን በስቶ የገባው ነገር ነው፤ ብረቱ፣ ማሸጊያው፣ ጎማው፣ በዴኩ መሃል የተቀበረው እንጨት። ስለዚህ የእነዚህ አምስት ወራት ሥራዎ በአንድ ቃል ቀዳዳ ማሳደድ ነው። መጀመሪያ ጀልባዋን ሊያሰምጥ የሚችለውን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ምሰሶዋን ሊጥል የሚችለውን፣ ከዚያ ዝናብ የሚያስገባውን። መልኳ መጨረሻ ላይ ይታያል።

መሰላል ከመውጣትዎ በፊት ጀልባዋ የቆመችበትን ይዩ። ክብደቷ መቀመጥ ያለበት ኪሉ ላይ፣ ማለትም ከቀፎው ሥር ወደ ታች በወጣው ከባድ ክንፍ ላይ ነው። የጎን መደገፊያ እግሮች ሥራቸው ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ትይዩ የቆሙት እግሮች ከሥር በሰንሰለት ይያያዙ፤ አለዚያ አፈሩ ሲረጥብ ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ። የመሸፈኛውን ሸራ ገመድ ደግሞ እግሮቹ ላይ ፈጽሞ አይቋጥሩ። ነፋስ ሸራውን ሲያራግበው እግሩን እየነቀነቀ ያወጣዋል። በጀልባዋ ሥር አዙረው ይሰሩት።

አሁን ውስጥ ይግቡ። የእጅ ባትሪ፣ ቢላዋና ትንሽ መዶሻ ይያዙ። ቀፎውን በስቶ የሚያልፈውን ቧንቧ ሁሉ ይቁጠሩ፦ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባበት፣ የሽንት ቤቱ መግቢያና መውጫ፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ ከኋላ የመቀመጫው ወለል ውሃ ማፍሰሻ። አዲስ ገዢ ብዙ ጊዜ አንዱ ያመልጠዋል። አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ጀርባ ተደብቆ ይገኛል።

እያንዳንዱን ቫልቭ ከፍተው ይዝጉት። አልንቀሳቀስ ካለ በጉልበት አይታገሉት፤ ይፈታና ይጽዳ። ከዚያ ብረቱን በቢላዋ ጫፍ ፋቅ ያድርጉት። ወርቅማ ቀለም ከወጣ ጥሩ ነው። እንደ ሸክላ ወደ ቀይ ሮዝ ካደላ ግን ቫልቩ አልቆለታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተራ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የባሕር ውሃ ዚንኩን ቀስ በቀስ ይበላና መዳቡን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ ይተወዋል። ቅርጹ እንዳለ ነው፣ ጉልበቱ ግን የለም። ላዩን ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ!

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቫልቭ ልዘጋ እጀታውን ያዝ ሳደርገው አንገቱ እንደ ብስኩት ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ነበረች። የተሰበረውን ይዤ ትንሽ ዝም አልኩ። ከሳምንት በፊት ውኃው መሃል ነበርን። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። የእጅ ፓምፕ ይዞ ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሰው የለም።

መቀየር ካለበት ለባሕር በተሠራ ነሐስ ወይም ለዚሁ ሥራ በተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይቀየር። የቤት ቧንቧ ቫልቭ ርካሽ ነው፤ ግን ለዚህ አልተሠራም። እንደ ቤት ቧንቧ በክብ እጀታ የሚዞር ሳራቺኔስካ ካገኙ ደግሞ ብዙ ሳይመረምሩ ያውጡት። መዘጋቱ በዓይን አይታወቅም፤ ቆሻሻ ከገባበትም ጨርሶ አይዘጋም። ቫልቮቹ ላይ የተሰኩትን የጎማ ቱቦዎች አጠፍ እያደረጉ ስንጥቅ ይፈልጉ። የሚያስሯቸውን ፋሸታዎች አዙረው ከሥር ይዩ፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ቫልቭ አጠገብ ለቀዳዳው ልክ የሆነ የለስላሳ እንጨት ውታፍ በሲባጎ ይንጠልጠል። ዋጋው ምንም አይደለም። የሚያስፈልግዎ ቀን ግን ሌላ ነገር አይተካውም።

ከውጭ ሆነው ኪሉ ከቀፎው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ይዩ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የማሸጊያው ነው። ከፊት በኩል አፉን የከፈተ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ዝገት ከውስጥ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ብሎኖቹ መታየት አለባቸው። ይህን በራስዎ አይወስኑ፤ ባለሙያ ይዩት። መሪውንም አይርሱ። የብዙዎቹ መሪ ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊት ሆኖ መሃሉ ፎም ነው፤ ብረቱ ከላይ በሚገባበት በኩል ውሃ ይጠጣል። ከታች ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ ይብሱ። ውሃ ጠብ ጠብ ካለ ለሳምንታት ይንጠባጠብ፣ ሲደርቅ በኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተበጥብጦ በሚጠነክር ሙጫ) ይዝጉት። የወጣው ውሃ ዝገት የለበሰ ከሆነ ግን ውስጥ ያለው ብረት እየተበላ ነውና መዝጋቱ አይበቃም።

ወደ ምሰሶው እንምጣ። እንዲወርድ ያድርጉ። ለዴኩም ሥራ መውረዱ ግድ ስለሆነ አንድ ክፍያ ሁለት ሥራ ይሠራል። ምሰሶውን ወጥረው የያዙትን የሽቦ ገመዶች በጨርቅ ይዘው ከላይ እስከ ታች ይጥረጉ። ጨርቁ ከያዘ አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። በባዶ እጅ አይሞክሩት፤ የተበጠሰ ክር እንደ መርፌ ይወጋል። አንድ ክር የተበጠሰበት ገመድ ይቀየራል፣ ድርድር የለውም። ሳይበጠስም ቢሆን ከ10 እስከ 15 ዓመት የሠራ ገመድ እንዲቀየር ይመከራል። የቀድሞው ባለቤት መቼ እንደቀየረው ማወቅ ካልቻሉ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

ከገመዱ ይልቅ ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ገመዱ ከጀልባዋ ጋር የሚታሰርበት ላሜራ ነው። ዴኩን በስቶ ወደ ታች ይወርድና ከውስጥ በብሎን ይታሰራል። አይዝጌ ብረት የማይዝገው በላዩ ላይ ስስ መከላከያ ስለሚሠራ ነው፤ ያን መከላከያ ለማደስ ደግሞ አየር ይፈልጋል። ላሜራው ዴኩ ውስጥ በሚያልፍባት ሁለት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ግን እርጥብ ነው፣ አየርም የለም። እዚያች ቦታ ላይ ከጎኑ ይሰነጠቃል። ከላይም ከታችም ሲታይ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ማየት ከፈለጉ መንቀል ነው። አንድ በአንድ አውጥተው በደንብ አጽድተው በማጉያ መነጽር ይዩት። ቡናማ መስመር፣ የተቦረቦረ ነጥብ ወይም ስንጥቅ ካለ አዲስ ያሠሩ። «ትንሽ ነው» የሚባል ስንጥቅ እዚህ ላይ የለም።

አሁን ወደሚሰምጠው ዴክ። የዚህ ዓመት ትልቁ ሥራዎ ይህ ነው።

የእርስዎ ዓይነት ዴክ ብዙውን ጊዜ እንደ ሳንድዊች የተሠራ ነው። ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ፕላይውድ። ሦስቱ እስከተጣበቁ ድረስ ቀላልም ጠንካራም ነው። ውሃ በአንድ ብሎን ቀዳዳ ሲገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ቅርፊቶቹም ይላቀቃሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የዴክ ነገር እንዲሁ ነው። ለዓመታት ምንም የለም፣ አንድ ቀን እግር ይሰምጣል።

የጉዳቱን ልክ ለማወቅ በትንሽ መዶሻ ወይም በካቻቪቴ እጀታ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ቀስ እያሉ ይምቱ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው «ድም» ይላል። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ነጥቦቹን ሲያገናኙ ካርታ ይወጣል፤ ካርታው ሁልጊዜ እግር ከሚነግረን ይሰፋል። ከዚያ መግቢያውን ይፈልጉ። የሰመጠው ምሰሶው አጠገብ ቢሆንም ውሃው ከላይ በኩል ካለ የዊንች (የገመድ መጎተቻ) ወይም የመወጣጫ እጀታ ብሎን ሊመጣ ይችላል። መግቢያው ሳይዘጋ የሚጠገን ዴክ ተመልሶ ይበሰብሳል።

ብዙ ሰው ጉድጓድ ጉድጓድ በስቶ ኢፖክሲ በመርፌ መሙላት ይወዳል። እኔ አልወደውም። እርጥብ የበሰበሰ እንጨት ኢፖክሲ አይጠጣም፤ ከላይ ጠንክሮ ከሥር ጭቃው እንዳለ ይቀራል። የተላቀቀው ቦታ ትንሽና ደረቅ ከሆነ ይሠራል፤ የእርስዎ ግን እንደዚያ አይመስለኝም።

የላዩን ቅርፊት በስሱ ዲስክ ዙሪያውን ይቁረጡ። ጥልቀቱ የላዩን ቅርፊት ብቻ ይሁን፤ የታችኛውን ከነኩ ጣሪያዎን ቀደዱ። ቅርፊቱን እንደ ክዳን አንስተው ያስቀምጡ፣ መልሰው ይጠቀሙበታል። ከሥሩ የሚያገኙት የረጠበ የሲጋራ ትምባሆ የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። ደህና እንጨት እስኪያገኙ ድረስ ይጥረጉት። ነጣ ያለ እንጨት አገኘሁ ብለው አይቁሙ፤ በጥፍር ተጭነው ውሃ ካወጣ ገና ነው። ከዚያ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይድረቅ፤ ከላይ መሸፈኛ፣ ከጎን ነፋስ።

አዲሱን ባልሳ በቦታው ሲያስገቡ መጀመሪያ የታችኛውን ቅርፊትና እንጨቱን በቀጭን ኢፖክሲ ያርሱ። ቀጥሎ በማወፈሪያ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ ጥርስ ባለው መቀቢያ ቀብተው እንጨቱን ይጫኑበት፣ ከላይ ክዳኑን በዚያው ሙጫ ይመልሱና ክብደት ይጫኑበት። ሲጠነክር የቆረጡትን መስመር ግራና ቀኝ በተዳፋት ይሙረዱ፤ ልኩ 12 ለ 1 ነው። ቅርፊቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ወገን 36 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ የፋይበር ጨርቅ በኢፖክሲ በንብርብር ይለጥፋሉ። ክዳኑን ከዴኩ ጋር የሚያዋህደው ይህ ንብርብር ነው፤ ስቱኮ ብቻ ሞልተው ከተዉት በዓመቱ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ምሰሶው ዴኩ ላይ የሚቆም ዓይነት ከሆነ፣ በቀጥታ ከሥሩ ያለውን ቦታ በባልሳም በፎምም አይሙሉት። ያ ቦታ የምሰሶውንና የተወጠሩትን ሽቦዎች ጫና ሁሉ ይሸከማል። በድፍን ፋይበርግላስ ይሞላ። ከሥሩ ጓዳ ውስጥ የሚደግፈው ዓምድም ወለሉ ላይ በደህና ማረፉን ይዩ። ዓምዱ እግሩ በስብሶ ዝቅ ብሎ ከሆነ ዴኩ ላይ ያለው መስመጥ ከታች የመጣ ነው። ዴክ ቀዶ ከመጨረስ በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል፤ ከራሴ ስለደረሰ ነው የምልዎት።

ብሎኖቹን ሲመልሱ በነበሩበት ቀዳዳ ብቻ አይመልሱ። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳውን ወደ 12 ያስፉ፣ ከሥር በቴፕ ይዝጉ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ይሙሉ። በማግስቱ መሃሉን በ6 ይብሱ። ከዚህ በኋላ ማሸጊያው ቢያንጠባጥብ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የላዩን አፍ በትንሹ እንደ ሰሐን ጎድጎድ አድርገው ቡቲል ቴፕ (እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ተለጣፊ ማሸጊያ) ይጠምጥሙበትና ይጥበቁ። ሲያጠብቁ ብሎኑ አይዙር፤ ከሥር ዳዶውን ያዙሩ። ብሎኑ ከዞረ ማሸጊያውን ይቀደዋል። በማግስቱ ትንሽ ይጨምሩ። ሲሊኮን ዴክ ላይ አይጠቀሙ። ሲለቅ የሚተወው ቅባት ለሚቀጥለው ማሸጊያም ለቀለምም እንቅፋት ነው። መስኮቶችዎ ምናልባት በእሱ የታሸጉ ናቸውና አውጥተው፣ አጽድተው በቡቲል ይመልሷቸው።

ስለ ኢፖክሲ ትንሽ ልበል። ቶሎ ይድረቅ ብለው ማጠንከሪያ አይጨምሩ። ልኩ የተጻፈው ነው፤ ከልኩ ያለፈው ማጠንከሪያ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። በብርድ ወራት የሚሠሩ ከሆነ ቦታውን ከ10 ዲግሪ በላይ ያድርጉት፣ ጣሳዎቹም ሌሊቱን ሙቅ ቤት ይደሩ። የበጠበጡትን ወዲያው ሰፊ ዝርግ ሣህን ላይ ያፍስሱት። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሊትር ሙሉ ጠባብ ጣሳ ውስጥ በጥብጬ ስልክ አነሳሁ። ስመለስ ጣሳው ይጨሳል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን ያፋጥናል። ሲጠነክር ደግሞ ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ሰም መሳይ ላቦት ያወጣሉ። በብርጭቆ ወረቀት ከመንካትዎ በፊት በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ይታጠብ፤ አለዚያ ቀለም አይይዝም።

እንግዲህ እብጠቱ። ውሃ በጄልኮቱ፣ ማለትም ፋይበርግላሱን ከውጭ በሸፈነው ስስ ልባጥ ውስጥ በጣም በዝግታ ያልፋል። ውስጥ በደንብ ያልተዋሐደ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ይሟሟና አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሆናል፤ ፈሳሹ ተጨማሪ ውሃ ይስባል፣ ጄልኮቱን ይገፋዋል። አንዱን ሲከፍቱ ኮምጣጤ ይሸታል። ግፊት ስላለው ይረጫልና መነጽር ያድርጉ።

የመጀመሪያ ሐሳብዎ ግማሹ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እብጠቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት ይክፈቷቸው፣ የሚሞሉት ግን መጨረሻ ላይ ነው። እየሙረዱ እስከ ደህናው ፋይበር ይግቡ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ይጠቡ፣ ይተዉት። እርስዎ ዴክ ላይ ሲደክሙ እነሱ ይደርቃሉ። በየጊዜው አንድ ካሬ ፕላስቲክ በቴፕ ዙሪያውን ይለጥፉበት። ከቀናት በኋላ ከውስጥ በኩል ጠል ከያዘ ቀፎው ገና እርጥብ ነው። ሲደርቅ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞሉታል። ውሃ የሚከላከለውን የኢፖክሲ ቀለም በተከታታይ አምስት ስድስት እጅ መቀባት ጥሩ ነው፣ ገንዘብ ካለ። ከሌለ ዘንድሮ ይለፍ። ጄልኮቱን በሙሉ ማስላጥ ግን በእርስዎ ሁኔታ ገንዘብ መጣል ነው።

የሥር ቀለሙን ሲፍቁ በደረቁ አይሁን። ውስጡ መዳብና ሌላ መርዝ አለ። በውሃ እያራሱ፣ ጥሩ ማስክ አድርገው ይፍቁ፤ መሬት ላይ ፕላስቲክ ያንጥፉና የወደቀውን ይሰብስቡ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፍ። ሞተሩ የብርድ ወራት የሚያልፉበት ከሆነ ማቀዝቀዣው ውስጥ ውሃ አይቅር። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ብረት ይሰነጥቃል። ዘይቱ አሁን ይቀየር፤ አሮጌ ዘይት ውስጥ አሲድ አለና አምስት ወር አብሮት አይደር። ባትሪዎቹ ሙሉ ሆነው ይቀመጡ። ሸራዎቹ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ ደርቀው ይታጠፉ፤ የስፌቱን ክር በጥፍር ሳብ አድርገው ይሞክሩት፣ ከተበጠሰ ጨርቁ ደህና ቢሆንም ፀሐይ ክሩን ጨርሶታል። የደበዘዘውን ቀለም ፓሊሽና ሰም አድርገው ይዩት። አብዛኛው ይመለሳል። ካልተመለሰም ጀልባዋ ትሄዳለች።

ማሻሻያ ካማረዎት ምሰሶው መሬት ላይ ሳለ ጫፉ ላይ ያለውን መብራት በኤልኢዲ፣ በውስጡ የሚያልፈውን ሽቦ ደግሞ በቆርቆሮ በተለበጠ የባሕር ሽቦ ይቀይሩ። ምሰሶው ከቆመ በኋላ ያው ሥራ ሦስት እጥፍ ነው። ሌላውን ማሻሻያ ሁሉ አንድ ወቅት ከተጓዙባት በኋላ ይወስኑ። የሚያስፈልግዎትና አሁን የሚያስፈልግ የሚመስልዎት አንድ አይደሉም።

ወደ ውሃ በምትመለስበት ቀን ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ትውረድ። ክሬኑ ማሰሪያውን እንዳይፈታ ይንገሩት። ውስጥ ገብተው በእያንዳንዱ ቫልቭ መገጣጠሚያ ሥር አንድ ሶፍት ያንጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይክፈቱ። በሶፍት ላይ አንዲት ጠብታም ትታያለች። አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ከሆነ ክሬኑን ያሰናብቱ፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩ።